የሀገር አባት የሆኑት ቄስ እና ፖለቲካ የተከለከሉት ቄሶች

በየዓመቱ ሴፕቴምበር 15 ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት በብሔራዊው ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ብቅ ይላል። ባንዲራ ይይዛል። የነጻነት ጀግኖችን ስም አንድ በአንድ እየጠራ «ቪቫ!» (ይኑር!) ይላል፤ አደባባዩን ጢም ብሎ የሞላው ሕዝብም «ቪቫ!» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ከራሱ በላይ የተሰቀለውን ደወል ገመድ ይስባል። በ2025 ይህን ያደረጉት ክላውዲያ ሼንባውም ናቸው፤ ከሴት የመጀመሪያዋ። ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱ፣ በትምህርታቸው የፊዚክስ ሰው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ደወሉ የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው። በየዓመቱ የሚደገመውም የአንድ ካቶሊክ ቄስ ጥሪ ነው። አባ ሚጌል ኢዳልጎ ይባላሉ፤ የሜክሲኮ ልጆች ገና ፊደል ሲቆጥሩ «የሀገር አባት» ብለው የሚማሯቸው ሰው።

አሁን የሀገሪቱን ሕገ መንግሥት ግለጡ። አንቀጽ 130። ቄስ የመንግሥት ሹመት አይይዝም። ለምርጫ አይወዳደርም። ለፓርቲም ሆነ ለእጩ፣ ደግፎም ተቃውሞም አይሰብክም። ድምፅ መስጠት እንኳ የተፈቀደለት በ1992 ነው፤ ገና ትናንት ማለት ይቻላል። ኢዳልጎ ዛሬ ተነስተው ለከተማ ምክር ቤት ልወዳደር ቢሉ ከበር ይመለሳሉ፤ መጀመሪያ ክህነታቸውን ትተው 5 ዓመት መቆየት አለባቸው።

ብዙ ሰው ይህን ግብዝነት ይለዋል። ለኔ ግን ሁለቱ አይጋጩም። ሜክሲኮ ቄሱን የምታከብርበት ምክንያትና ቄሶችን የምትፈራበት ምክንያት አንድ ነው። አንድ የገጠር ቄስ በአንድ እሁድ ጠዋት ምን ማድረግ እንደሚችል አይታለች።

ኢዳልጎ የተወለዱት በ1753 ጓናሁዋቶ በሚባለው ግዛት ነው። አባታቸው የአንድ ሰፊ እርሻ አስተዳዳሪ ነበሩ፤ ስለዚህ ድሃ አላደጉም። ሜክሲኮ ያኔ የስፔን ቅኝ ግዛት ናት፣ ስሟም «አዲሲቷ ስፔን»። ከላይ የተቀመጡት ከስፔን በመርከብ የመጡት ናቸው። ሹመቱም፣ ትልልቁ ንግድም፣ የጳጳስነቱ ወንበርም በአብዛኛው የእነሱ ነው። ቀጥሎ ደማቸው ስፔናዊ ሆኖ እዚያው የተወለዱት ክሪዮሎዎች ይመጣሉ። ከነሱ በታች ክልሶቹ፣ ጥቁሮቹና የሀገሬው ነባር ሕዝቦች። ነባሮቹ ነባር በመሆናቸው ብቻ ግብር ይከፍላሉ። ኢዳልጎ ክሪዮሎ ናቸው፤ ማለትም ቤቱ ውስጥ ናቸው፣ ግን ማዕዱ ላይ የሚቀመጡት ከጫፍ ነው።

ጎበዝ ተማሪ ነበሩ። ጓደኞቻቸው «ቀበሮ» ይሏቸው ነበር፣ በብልጠታቸው። በ1778 ክህነት ተቀበሉ፣ በተማሩበት ኮሌጅ አስተማሩ፣ በ1790 የዚያው ኮሌጅ ኃላፊ ሆኑ። ከዚያ ለቀቁና ወደ ገጠር ወረዱ። ቅዱስ ሰው ነበሩ ማለት ግን አይደለም። ልጆች ወልደዋል። ሙዚቃ፣ ቲያትርና ጨዋታ ይወዳሉ። ሳን ፌሊፔ በሚባል ቦታ ሲያገለግሉ ቤታቸውን ሰው «ትንሿ ፈረንሳይ» ይላት ነበር፤ ሀብታሙም ድሃውም አንድ ላይ ገብቶ ስለሚጫወት። በ1800 የሃይማኖት ፍርድ ቤቱ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው ኢንኩዊዚሽን፣ ፋይል ከፈተባቸው። ማስረጃው አልበቃም ተብሎ ተዘጋ። አስር ዓመት ቆይቶ አቧራው ተራግፎ እንደገና ይከፈታል።

በ1803 ዶሎሬስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዱ። እዚያ ያደረጉትን ማየት ያስፈልጋል፤ ለኔ የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ነውና። የቁምስናውን ዕለታዊ ሥራ አብዛኛውን ለሌላ ካህን ትተው ራሳቸው ወደ ሥራ ገቡ። የሸክላ ሥራ አቋቋሙ። ቆዳ ማልፋት ተጀመረ። ንብ ማነብ። የሐር ትል የሚመገበውን ዛፍ ተከሉ። ወይን ተከሉ፣ የዘይት ወይራ ተከሉ፤ ከስፔን የሚመጣውን ወይንና ዘይት ይሻማል ተብሎ መንግሥት የማይወደውን ሁሉ። ማታ ማታ መጽሐፍ ይነበባል፣ ሙዚቃ ይጠናል። ከፈረንሳይኛና ከጣሊያንኛ ሌላ የነባሮቹን ቋንቋዎችም ይናገራሉ። እንግዲህ አስቡት። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አብሯችሁ ጭቃ ያቦካል፣ ቋንቋችሁን ይናገራል፣ ልጆቻችሁን ያጠምቃል፣ ሙታናችሁን ይቀብራል፤ ያ ሰው አንድ ቀን «ተነሱ» ቢላችሁ ለምን ብላችሁ ብዙ አትጠይቁም።

ቄሶቹን ያስቆጣው ምን ነበር? ፍልስፍና ብቻ አይደለም። ገንዘብም አለበት። ቤተ ክርስቲያን በዚያን ጊዜ የሀገሩ ባንክ ናት፤ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ባለ እርሻውም የሚበደረው ከእሷ ነው። በ1804 የስፔን ንጉሥ ለጦርነት ገንዘብ ሲቸግረው ቤተ ክርስቲያኗ ያበደረችውን ሰብስባ ለመንግሥት ታስረክብ አለ። ባለዕዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ክፈል ተባለ። የኢዳልጎ ቤተሰብ እርሻም በዚህ ጣጣ ተያዘ። ከዚያ በፊት በ1767 ኢየሱሳውያን መነኮሳት በአንድ ትእዛዝ ከሀገር ተባርረዋል፤ ኢዳልጎ ያኔ የእነሱ ተማሪ ነበሩ። የገጠሩ ቄስ ደመወዙ ትንሽ፣ ሹመቱ የተዘጋ፣ ክብሩም በየዓመቱ የሚሸረሸር ሰው ሆኗል። በላዩ ላይ በ1808 ናፖሊዮን ስፔንን ወረረ፣ ንጉሥ ፈርናንዶ ሰባተኛ ተማረከ። ንጉሥ በሌለበት ማን ይግዛን? ይህ ጥያቄ በየቤቱ ገባ። በዚያው ሰሞን ድርቅ ሆነና በቆሎ ተወደደ። የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ሳይበልጥ አይቀርም።

ኬሬታሮ ከተማ ውስጥ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ነን የሚሉ ሰዎች ይሰበሰቡ ነበር። የሚያወሩት ስለ ግጥም አልነበረም። ኢግናሲዮ አየንዴ የሚባል የክሪዮሎ መኮንን፣ ጓደኛው ሁዋን አልዳማ፣ ሌሎችም ነበሩበት። ዕቅዳቸው የመኮንን ዕቅድ ነው፤ የክሪዮሎ ወታደሮችን ማሳመን፣ ስፔናውያኑን መያዝ፣ ሥልጣኑን መረከብ፣ ሕዝቡ ሳይንጫጫ። ኢዳልጎን ያስገቧቸው አንድ የጎደላቸው ነገር ስለነበረ ነው፤ ሰው። እቅድም ሰይፍም አላቸው፣ የሚከተላቸው ግን የለም።

በሴፕቴምበር 1810 ሴራው ታወቀ። የከተማው ዳኛ ሚጌል ዶሚንጌስ እንዲያጣራ ታዘዘ። ችግሩ ዳኛውም ሚስቱም የሴራው ሰዎች ናቸው። ዳኛው ሚስቱ ሆሴፋ ኦርቲስ ቸኩላ ነገር እንዳታበላሽ ብሎ ክፍል ውስጥ ቆለፈባትና ወጣ። ሆሴፋ ከክፍሏ በታች የእስር ቤት ጠባቂው እንደሚኖር ታውቃለች፤ እሱም የነሱ ወገን ነው። በጫማዋ ተረከዝ ወለሉን ደበደበች። ጠባቂው ወጣ፣ በቁልፉ ቀዳዳ መልእክቱን ተቀበለ፣ ፈረስ ጫነና አየንዴን ፍለጋ ጋለበ። አየንዴን ሳይሆን አልዳማን አገኘ። አልዳማ በበኩሉ ወደ ዶሎሬስ ከነፈ። ሴፕቴምበር 16 ሌሊት፣ ገና ሳይነጋ፣ የቄሱን በር አንኳኳ። አየንዴም እዚያው ነበር። የዓይን እማኞች እንደተናገሩት ኢዳልጎ ለአልዳማ ትኩስ ቸኮላት አስቀረቡለት። መኮንኖቹ እንሽሽ ወይስ እንደበቅ እያሉ ሲጨነቁ ቄሱ ጫማቸውን እያጠለቁ፣ አልቆልናል፣ ያለው መንገድ ሄዶ ስፔናውያኑን መያዝ ብቻ ነው አሉ። አልዳማ ደነገጠ። ስለ እግዚአብሔር ያስቡበት አላቸው። አላሰቡበትም።

በመጀመሪያ እስር ቤቱን ከፈቱ፣ እስረኞቹን አስታጠቁ፣ የከተማውን ስፔናውያን አሰሩ። ከዚያ ደወሉ ተደወለ። ቀኑ እሁድ ነው። እሁድ ደግሞ ቅዳሴም ገበያም ነው። ከየመንደሩ ሰው ይመጣል፣ ማንም ሳይጠራው። ይህን ነው መኮንኖቹ በገንዘብም በሥልጣንም ሊያገኙት ያልቻሉት። አየንዴ በወራት ሹክሹክታ ያልሰበሰበውን ሰው፣ ቄሱ የሰበሰቡት በሳምንታዊው ልማድ ነው።

በዚያ ጠዋት ምን ብለው እንደጮኹ በቃሉ የጻፈ ሰው የለም። ዛሬ ፕሬዚዳንቶቹ የሚደግሙት ከጊዜ በኋላ የተዘጋጀ ነው። የተለያዩ እማኞች ካሉት ተለቃቅሞ ሲታይ ግን፣ ሃይማኖታችን ትኑር፣ የጓዳሉፔ እመቤታችን ትኑር፣ ንጉሥ ፈርናንዶ ይኑር፣ መጥፎ መንግሥት ይውደም፣ የሚል ነው። አዎ፣ ንጉሡ ይኑር! የስፔን ንጉሥ። የነጻነት አባት የሚባሉት ሰው በመጀመሪያው ቀን የጮኹት ለተማረከው የስፔን ንጉሥ ነው። ይህን ዛሬ ማንም ከሰገነት ላይ አይደግመውም። በኔ ግምት ብልሃትም አለበት፤ ገበሬው ንጉሡን ይወዳል፣ የሚጠላው በደጁ ያለውን ሹም ነው።

መንገድ ላይ አቶቶኒልኮ በሚባል ቤተ መቅደስ ሲያልፉ ኢዳልጎ የጓዳሉፔ እመቤታችንን ሥዕል አውርደው በጦር ጫፍ ላይ ሰቀሉት። ሰንደቃቸው ይኸው ሆነ። ጓዳሉፔ ማለት በሜክሲኮ ለነባሩ ገበሬ ተገልጣ በቋንቋው አናገረችው የምትባል፣ ፊቷ ጠይም ማርያም ናት። ታቦት ይዞ መዝመትን የሚያውቅ የኛ ሀገር አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ደስ የሚለው ደግሞ ሌላኛው ወገን ያደረገው ነው። በስፔን ንጉሥ ስም ሀገሩን የሚገዛው እንደራሴ ሰዎችም የራሳቸውን ማርያም፣ «ሎስ ሬሜዲዮስ» የምትባለውን ከስፔን የመጣች ሐውልት፣ ጄኔራል ብለው ሾመው አሰለፉ። ማርያም ከዚህም፣ ማርያም ከዚያም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ተከታዩ ከጥቂት መቶዎች ወደ አስር ሺዎች አደገ። ጠመንጃ ያለው ጥቂቱ ነው። ሌላው ማጭድ፣ ዱላ፣ ወንጭፍ ይዟል። ሚስትና ልጅ፣ አንዳንዱም በጉን አስከትሎ ነው የዘመተው።

ሴፕቴምበር 28 ጓናሁዋቶ ከተማ ደረሱ፣ ከዓለም ሀብታም የብር ማዕድኖች አንዱ የነበረበት ቦታ። የግዛቱ አስተዳዳሪ ሪያኞ የኢዳልጎ የድሮ ወዳጅ ነው። ስፔናውያኑን፣ ገንዘቡንና ሰነዱን ሰብስቦ አሎንዲጋ በሚባል ግዙፍ የእህል ጎተራ ውስጥ ገባና ዘጋ። ሕዝቡ ይህን እንዴት እንዳየው ገምቱ። በረሃብ ዓመት፣ ጎተራው ውስጥ ሀብታሞቹ ተቆልፈዋል! ሪያኞ ገና ከጅምሩ ተገደለ። አንድ የማዕድን ሠራተኛ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጀርባው ላይ አዝሎ ጥይቱን እየመከተ በሩን አቃጠለ ይባላል፤ ከተማው ትልቅ ሐውልት አቁሞለታል፣ ሰውየው በእውነት መኖሩ ግን አከራካሪ ነው። በሩ ሲከፈት የተደረገው እልቂት ነው። እጅ የሰጠውም ያልሰጠውም አለቀ። ከዚያ ከተማው ተዘረፈ፣ የክሪዮሎውም የስፔናዊውም ቤት ሳይለይ። ከዚያ ቀን በኋላ አብዛኛው ባለሀብት ክሪዮሎ፣ ልቡ ለነጻነት ቢያደላም እንኳ፣ ፊቱን አዞረ።

ከአራት ቀን በፊት፣ ሴፕቴምበር 24፣ ውግዘቱ ወጥቶ ነበር። ያወገዟቸው የሚቾአካን ሀገረ ስብከት ዕጩ ጳጳስ ማኑኤል አባድ ኢ ኬይፖ ናቸው፤ የኢዳልጎ የቆየ ወዳጅ። እኚህ ሰው ራሳቸው ቀደም ብለው ለስፔን መንግሥት፣ ይህ ሀገር ሁሉ ያላቸውና ምንም የሌላቸው ሰዎች ብቻ የሚኖሩበት ነው፣ ነባሮቹ ላይ ያለው ግብር ይነሳ ብለው የጻፉ ናቸው። በሽታውን ሁለቱም አውቀውታል። አንዱ ደብዳቤ ጻፉ፣ ሌላው ደወል ደወሉ። ኢዳልጎ በበኩላቸው ለውግዘቱ መልስ ሰጡ፤ እነዚህ ሰዎች ካቶሊክ የሆኑት ለፖለቲካ ነው፣ አምላካቸው ገንዘብ ነው አሉ። ጦራቸው የሀገረ ስብከቱ መቀመጫ ወደሆነችው ቫያዶሊድ ሲገባ ደግሞ የካቴድራሉ ሹማምንት ውግዘቱን አነሱላቸው። ጦሩ ሲወጣ መልሰው አጸኑት። እንዲህ ነው አንዳንዴ።

ፕሮግራም ነበራቸው ወይ? በወረቀት የተጻፈ የመንግሥት ዕቅድ የለም። ግን ጓዳላሃራ ላይ ዲሴምበር 6 ቀን 1810 ያወጡት አዋጅ አለ። ባሪያ ያለው ሁሉ በ10 ቀን ውስጥ ነጻ ያውጣ፣ እምቢ ያለ በሞት ይቀጣል። በነባሮቹ ላይ የነበረው ግብርም ቀረ። የብዙዎቹ የዘመኑ አብዮተኞች አዋጅ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ልምምጥ ነው።

ወደ ኋላ ትንሽ ልመለስ። ኦክቶበር 30 ሞንቴ ዴ ላስ ክሩሴስ በሚባል ተራራ ላይ የእንደራሴውን ጦር አሸነፉ። ያኔ ተከታያቸው ወደ 80 ሺህ ይገመታል። ዋና ከተማዋ ከፊታቸው ተዘርግታለች። አየንዴ እንግባ አለ። ኢዳልጎ እንመለስ አሉ። ለምን? ጥይት አልቆ ነበር፣ ብዙ ሰው ሞቷል፣ ጄኔራል ካዬሃ ከሰሜን ከኋላቸው እየመጣ ነው የሚሉ አሉ። ጓናሁዋቶ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ እንዳይደገም ፈሩ የሚሉም አሉ። እኔ ሁለተኛውን ወደ ማመን አደላለሁ፤ ለዚያ ሕዝብ «ግባ» ማለት እንጂ «አቁም» ማለት እንደማይችሉ ያን ጊዜ አውቀውታል።

የቄሱም ድክመት ይኸው ነው። በእምነት የመጣ ሰው በወታደራዊ ሥርዓት አይታዘዝም። አየንዴ ሕዝቡን አሰልጥነን ጥቂቱን እናስታጥቅ ሲል ኢዳልጎ እምቢ አሉ። ጓዳላሃራ ላይ ደግሞ ነገሩ ከፋ። በመቶዎች የሚቆጠሩ የታሰሩ ስፔናውያን በሌሊት እየተወሰዱ ገደል አፋፍ ላይ ታረዱ፣ ኢዳልጎ እያወቁ። በኋላ ፍርድ ቤት ሲጠየቁ አልሸሸጉም። ክስ አልተመሠረተባቸውም፣ የሚመሠረትበትም ነገር አልነበረም፣ ንጹሐን መሆናቸውን አውቅ ነበር አሉ። የሀገር አባት ቃል ነው ይሄ። አየንዴ እጅግ ከመምረሩ የተነሳ ቄሱን በመርዝ ሊገድል አስቦ ነበር፤ ይህንንም ራሱ በምርመራው ላይ ተናግሯል።

ጃንዋሪ 17 ቀን 1811 በካልዴሮን ድልድይ ሁሉም አበቃ። የካዬሃ መድፍ የነጻነት ታጋዮቹን የጥይት ጋሪ መታው፣ ደረቁ ሳር ተቀጣጠለ፣ ጭሱ ፊታቸው ላይ መጣ። ያ ሁሉ ሰው ተበተነ። አየንዴና ጓደኞቹ አዛዥነቱን ከቄሱ ቀሙ፣ ወደ ሰሜን ሲሸሹም ማርች 21 በከዳተኛ እጅ ተያዙ። መኮንኖቹ ጁን 26 ቺዋዋ ላይ ተረሸኑ። ኢዳልጎ ግን ቄስ ናቸው። ቄስ እንዲሁ አይረሸንም፤ መጀመሪያ ቄስነቱ ይወሰዳል።

ጁላይ 29 ጠዋት ልብሰ ተክህኗቸውን እንዲለብሱ አደረጓቸው፣ ሊቀድሱ እንደሆነ ሁሉ። ጽዋውን አስያዟቸው። ከዚያ ጽዋውን ተቀበሏቸው። የመዳፋቸውንና የጣቶቻቸውን ጫፍ በስለት ፋቁት፤ በክህነት ቀን በቅዱስ ዘይት የተቀባው ያ ነውና። ልብሶቹን አንድ በአንድ አወለቁ። የራሳቸውን ፀጉር ቆረጡ። ሲጨርሱ ፊታቸው የቆመው ተራ ሰው ነበር፣ ለወታደሮቹም አስረከቡት። በማግስቱ ወደ መረሸኛው ሲሄዱ ትራሳቸው ሥር የነበረውን ጣፋጭ አስመጥተው ለሚተኩሱባቸው ወታደሮች አካፈሉ። ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ፣ እሱን ዒላማ አድርጉ አሏቸው። እንዲያም ሆኖ ወታደሮቹ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ በመጀመሪያው ተኩስ አልሞቱም። ራሳቸው ተቆርጦ ከሦስቱ መኮንኖች ራስ ጋር በብረት ቀፎ ጓናሁዋቶ ተላከ። በአሎንዲጋ ጎተራ አራት ማዕዘን ላይ ለአስር ዓመት ያህል ተሰቅሎ ቆየ።

እዚህ ላይ አቡነ ጴጥሮስ ትዝ ሳይሉን አይቀርም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም ጣሊያን አዲስ አበባ ላይ ሲረሽናቸው፣ አርበኛውን አውግዙ ተብለው እምቢ ያሉ ጳጳስ ነበሩ። ይልቁንም ለጠላት የሚገዛውን አወገዙ። ኢዳልጎ በተቃራኒው የተወገዙት ናቸው፣ በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው እጅ፤ ምክንያቱም የሜክሲኮ ቤተ ክርስቲያን አናቷ ያለው ከቅኝ ገዢው ጋር ነበር። የኛው ወራሪ ከውጭ የመጣ ነው። የነሱ ገዢ ግን 300 ዓመት ኖሯል፣ ቤተ ክርስቲያኑንም የሠራው እሱ ነው። ሁለቱን ታሪክ ዝም ብሎ አንድ ማድረግ ይህን ያስረሳል።

ትግሉን የተረከቡት ሌላ ቄስ ናቸው፤ አባ ሆሴ ማሪያ ሞሬሎስ፣ የኢዳልጎ ኮሌጅ ተማሪ የነበሩ፣ ደማቸው የነባርም የጥቁርም የስፔንም የሆነ፣ ከክህነት በፊት በቅሎ ጭነው የሚነግዱ። እሳቸው ከመምህራቸው ስህተት ተምረዋል ብዬ ነው የማምነው። ትንሽ ጦር፣ ግን የሰለጠነ። በ1813 ቺልፓንሲንጎ ላይ ኮንግረስ ሰበሰቡ፣ ሥልጣን ከሕዝብ ይመነጫል፣ ባርነት ለዘላለም ይቀራል፣ የዘር ልዩነት ይሰረዛል የሚል ሰነድ አቀረቡ። በዚያው ሰነድ ከካቶሊክ በቀር ሌላ ሃይማኖት አይፈቀድም ይላል። ያውም የሁለቱ ሐሳብ መጋጨት ለእሳቸው አይታያቸውም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 6 ኮንግረሱ ነጻነትን አወጀ፤ ንጉሥ ፈርናንዶ ይኑር የሚለው ቀረ። ሞሬሎስም ክህነታቸው ተገፎ ዲሴምበር 22 ቀን 1815 ተረሸኑ።

በመቶዎች የሚቆጠሩ ካህናት በትግሉ ውስጥ ነበሩ። ብዙ ይመስላል፤ ከጠቅላላው ሲታይ ግን ጥቂቱ ናቸው። አብዛኛው ቄስ ወይ ከንጉሡ ጋር ነበር ወይ ዝም አለ። መንግሥት ግን ጥቂቶቹ ምን ያህል እንደሚያስከፍሉት ገብቶታል። በ1812 እንደራሴው የጦር መሣሪያ ያነሳ ቄስ በወታደራዊ ፍርድ ቤት እንዲዳኝ ፈቀደ፣ ለዘመናት የቆየውን የካህናት ከለላ ሰረዘ። ይህ ትእዛዝ ገለልተኛ የነበሩትንም አስኮረፈ።

ነጻነቱ በመጨረሻ የመጣው በ1821 ነው፤ ያመጣውም አጉስቲን ደ ኢቱርቢዴ፣ የነጻነት ታጋዮችን ለዓመታት ሲያሳድድ የኖረ የንጉሡ መኮንን። ስፔን ውስጥ ለዘብተኞች ሥልጣን ይዘው የቤተ ክርስቲያንን ንብረት መንካት ሲጀምሩ፣ ትልልቆቹ ጳጳሳት ድንገት ነጻነት ጥሩ ነገር መሆኑ ታያቸው። ኢዳልጎን ያወገዘው ወገን የነጻነቱን ደስታ ቅዳሴ ቀደሰ። ይህን ሳነብ ሳቄ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ኢዳልጎን ለራሱ ይፈልጋል። በ1864 በፈረንሳይ ጦር ታጅቦ የመጣው የኦስትሪያው ማክሲሚሊያን፣ የውጭ ንጉሥ ሆኖ ሳለ፣ ዶሎሬስ ድረስ ሄዶ የነጻነቱን ጥሪ አሰማ። የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የወረሰው የፕሬዚዳንት ቤኒቶ ሁዋሬስ ወገንም ያው ቄስ ጀግናው ነው። ፕሬዚዳንት ፖርፊሪዮ ዲያዝ በ1896 ደወሉን ከዶሎሬስ አስነቅሎ ቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ሰቀለው፤ እስካሁን እዚያው ነው። ደወሉ ከቤተ ክርስቲያን ወደ መንግሥት ተዛወረ፣ ቄሱም እንዲሁ። የ1917ቱ ሕገ መንግሥት መጣና ለቄሶች የፖለቲካውን በር ዘጋው። በ1926 መንግሥት ሕጉን አጥብቆ ሊያስፈጽም ሲነሳ የማዕከላዊው ሜክሲኮ ገበሬ መሣሪያ አነሳ፣ ሦስት ዓመት ተዋጋ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ያኛውም ጦር የጓዳሉፔን ሥዕል ይዞ ነው የዘመተው።

የነጻነቱ 200ኛ ዓመት ሊከበር ሲል ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሳ፤ ቤተ ክርስቲያን ውግዘቱን ታንሳ የሚል። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች መልስ፣ ኢዳልጎ ከመሞታቸው በፊት ተናዝዘዋል፣ ተፈትተዋል፣ ሬሳቸውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው የተቀበረው፣ ስለዚህ የሚነሳ ነገር የለም የሚል ነው። እውነት ነው። ግን ያ መልስ እጃቸውን ማን እንደፋቀው አይናገርም።

እና ዛሬስ? አንቀጽ 130 ይሠራል። በ2021 ምርጫ ወቅት አንድ ጡረታ የወጡ ካርዲናል ገዢውን ፓርቲ አትምረጡ የሚል ቪዲዮ ለቀቁና የምርጫው ፍርድ ቤት ሕግ ጥሰዋል አለ። ይህ የወረቀቱ ሜክሲኮ ነው። የገጠሩ ሜክሲኮ ሌላ ነው። መንግሥት በማይደርስበት፣ የአደንዛዥ ዕፅ ቡድን መንገዱን በያዘበት መንደር ውስጥ፣ ሁለቱም ወገን የሚያናግረው ሰው ብዙ ጊዜ ቄሱ ነው። በጁን 2022 ቺዋዋ ግዛት ውስጥ ሁለት አዛውንት ኢየሱሳውያን ካህናት፣ ነፍሱን ለማዳን የሸሸ ሰው ገብቶባቸው፣ በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ተገደሉ። በ2024 መጀመሪያ የጌሬሮ ግዛት ጳጳሳት ከወንበዴ አለቆች ጋር ተገናኝተው ተኩስ አቁም ለማስማማት ሞከሩ፤ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ሎፔስ ኦብራዶርም ጥሩ ነው አሉ። በኦክቶበር 2024 ቺያፓስ ውስጥ ለነባሮቹ ሰላም ሲሟገቱ የኖሩ፣ ራሳቸውም ጾጺል ከሚባለው ነባር ሕዝብ የተወለዱ ቄስ፣ አባ ማርሴሎ ፔሬስ፣ እሁድ ቀድሰው ሲወጡ በጥይት ተመትተው ሞቱ።

በማርች 2024 የካቶሊክ ጳጳሳቱ የሰላም ሰነድ አዘጋጅተው ሦስቱንም የፕሬዚዳንት እጩዎች ጠሩ። ሦስቱም መጡ። ሼንባውም ስለ ሀገሪቱ ሁኔታ የቀረበውን ጨለማ ግምገማ አልቀበልም ብለው፣ ቅሬታቸውን ተናግረው፣ ግን ፈረሙ። ቄሶቹ ለማንም ድምፅ አልጠየቁም፤ ሕጉ ይከለክላቸዋል። እጩዎቹም መቅረት አልቻሉም።